ከጭንቅላት አደጋ በኋላ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰዉ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ

ጠበቃም ሐኪምም አይደለሁም፣ ወንድሜ ሐረጎ ቁልቁለቱ ላይ በመኪና ተገጭቶ ጭንቅላቱን ከተጎዳ ጀምሮ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ስመላለስ ያወቅኩትን ነው ለሚደውልልኝ ሁሉ የምነግረው፣ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ጭንቅላቱን ተመቶ ግን ተነስቶ «ደህና ነኝ» እያለ ነው፣ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው?

ግድ ነው። ወንድሜ ራሱ ተነስቶ ልብሱን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም ወደ ቤት እንሂድ» ነበር ያለን፣ ማታ ላይ ነው ማስመለስ የጀመረውና ከዛ ጠራነው መልስ የለም። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳን አንዳንዴ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መሀል ደም ይጠራቀማል፣ መጀመሪያ ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ያወራል ይስቃል፣ ደሙ እየበዛ አንጎሉን ሲጫነው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ማውራቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ስትቀሰቅሱት አልነቃ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ በአፍንጫ ወይ በጆሮ ንጹህ ውሃ የመሰለ ነገር መፍሰስ፣ ባንድ ጎን እጅና እግር መድከም፣ ከነዚህ አንዷን ካያችሁ ደቂቃ አትቆዩ። ሽማግሌ ከሆነ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ደሙ ቀስ ብሎ ከሳምንታት በኋላም ሊታይ ይችላል፣ አባታችን ከወር በኋላ ግራ መጋባት ጀመረ ካላችሁ ከወር በፊት መውደቁን ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት።

አደጋው ቦታ ላይ ምን እናድርግ?

አንገቱን ሳታጣምሙ። እኛ ጋ ትልቁ ጥፋት ተጎጂውን አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መክተት ነው፣ አንገት አብሮ ከተጎዳ እዛው ሽባ ልታደርጉት ትችላላችሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ መምጣት ካልቻለ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ አንዱ ራሱን ብቻ ይዞ አካሉን ቀጥ እንዳለ አንሱት። ውሃ አታጠጡት፣ ኦፕሬሽን ሊገባ ይችላል፣ ራሱን ስቶ ደግሞ ውሃው ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። ከተንቀጠቀጠ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ፣ ከነአንገቱ አንድ ላይ ቀስ ብላችሁ በጎኑ አዙሩትና ጠብቁ።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ደግሞ እዛው ይቅር። ታርጋውን፣ መኪናው የቆመበትን፣ የጎማውን ምልክት፣ ደሙ ያለበትን በስልክ ያንሳ፣ ያዩትን ሰዎች ስምና ስልክ ይያዝ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳ አጠገቡ ይሁን። ሁላችንም ተጎጂውን ተከትለን ሆስፒታል ስንሮጥ መኪናው ይነሳል፣ ምስክሩም ወደ ሰኞ ገበያው ይሄዳል፣ ከሦስት ወር በኋላ «ማን አየ?» ሲባል ሰው የለም።

ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ ብር አስይዙ ቢሉንስ?

የመኪና አደጋ ተጎጂ ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፣ አስቀድማችሁ ክፈሉ ተብሎ መመለስ የለበትም። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይሄን በግልጽ ይዞታል፣ አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር፣ ገንዘቡ እየተሻሻለ የሚሄድ ስለሆነ የአሁኑን እዛው ጠይቁ። ትራፊክ ፖሊሱ የሚጽፈውን ወረቀት ቶሎ አምጥታችሁ ለካርድ ክፍሉ ስጡ።

ሪፈር ተብላችሁ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ የሪፈር ወረቀቱን፣ የሲቲ ስካን (የጭንቅላት ምርመራ) ፊልሙንና ቻርቱን (የሕክምና መዝገቡን) ኮፒ ሳታደርጉ አትልቀቁ። ቻርቱ ላይ «ጂሲኤስ» የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ ሰውየው ምን ያህል ንቁ እንደነበር የሚለካ ነው፣ ከ3 እስከ 15 ነው፣ ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዛ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ይቺ መጀመሪያ ቀን የተጻፈች ቁጥር ኋላ ክርክሩ ላይ በጣም ትፈለጋለች፣ ምክንያቱም ከዓመት በኋላ ችሎት ላይ በእግሩ ቆሞ የሚያይ ዳኛ ያን ቀን ምን እንደነበረ የሚያውቀው ከወረቀት ብቻ ነው።

ሲቲው ንጹህ ነው ተብሎ ወጣ፣ ሰውየው ግን ተቀይሯል፣ እያስመሰለ ነው እንዴ?

አያስመስልም። ሲቲ ደምና ስብራት በደንብ ያሳያል፣ በጣም ቀጫጭኖቹ የአንጎል ክሮች ሲጎዱ ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። እሱም የሚመጣው ልክ እንደምትሉት ነው፦ ይረሳል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ብርሃንና ጫጫታ ይረብሸዋል፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ የጀመረውን አይጨርስም። ዝምተኛ የነበረ ሰው ተሳዳቢ ሲሆን ሚስቱ «ጠባዩ ከፋ» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲመታ ጠባይን የሚይዘው ልጓም ነው የሚላላው፣ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ይሄን ለልጆቹም ንገሯቸው እባካችሁ።

ደብተር ግዙ። በየቀኑ አጭር አጭር ጻፉ፣ ቀኑን አስገቡ፦ «ዛሬ የልጁን ስም ጠፋው»፣ «ምድጃ ለኩሶ ረስቶት ወጣ»፣ «ራሱን አሞት ሙሉ ቀን ተኛ»። ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ማየት የማይችለውን እሷ ደብተር ታሳየዋለች። ፍርድ ቤትም እንደዛው ነው፣ እግሩ የተቆረጠ ሰው ጉዳቱ ይታያል፣ የጭንቅላት ተጎጂ ግን ጉዳቱ እንዲታይ እናንተ መጻፍ አለባችሁ፣ እኔ ካለፍኩት ነገር ሁሉ ለሰው የምለምነው ይሄንን ነው።

መቼ ይድናል? ቤት ውስጥስ ምን እናድርግ?

ቀላሉ ጉዳት አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይሻላል። መካከለኛና ከባዱ ላይ ፈጣኑ ለውጥ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ላይ ነው፣ ከዛ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፣ እስከ ሁለት ዓመትና ከዛም በኋላ ለውጥ ይኖራል። ወንድሜ በሰባተኛው ወር አካባቢ «በቃ እንዲህ ሊቀር ነው» ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ በዓመት ከምናምኑ እዚሁ ደሴ ብቻውን ከአራዳ ፒያሳ ሄዶ መመለስ ጀመረ።

ቤት ውስጥ ትልቁ መድኃኒት እንቅልፍና ጸጥታ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ጠያቂ ይበዛል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፣ ሁሉም «አወቅከኝ? እኔ ማነኝ?» እያለ ይፈትነዋል። ነውር ነው ብላችሁ አትፍሩ፣ ጠያቂውን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ሁለት ሁለት ሰው ለአስር ደቂቃ አስገቡ፣ አትፈትኑት በሏቸው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ንገሩት፣ ዕቃው ሁሌም አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የሰዓት አላርም ለመድኃኒቱ ሙሉለት። ጫት አይቃም፣ አረቄም ጠላም አይጠጣ፣ ሁለቱም እንቅልፉን ይነሱታል፣ መጠጥ ደግሞ መንቀጥቀጡን ሊያመጣበት ይችላል። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ባጃጅም ሞተርም መኪናም አይነካ፣ ልጁ የሚተዳደረው በባጃጁ ቢሆንም እንኳ፣ ሁለተኛ ምት በመጀመሪያው ላይ ሲደረብ እጅግ የከፋ ነው። ፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ከተሰጣችሁ ደግሞ መንገድ ሩቅ ነው ብላችሁ አታቋርጡት፣ እንቅስቃሴውን ተማሩና ቤት ደጋግሙት።

ፀበል ወይም ዱዓ ብንወስደውስ?

ውሰዱት፣ እኛም ወስደነዋል፣ ለቤተሰብም ትልቅ ጉልበት ነው። መድኃኒቱን ግን አታስቁሙት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ራሱ ሊገድል ይችላል። ረሀብና ቅዝቃዜ የሚበዛበት ቦታ ላይም ብቻውን አትተዉት።

ሹፌሩ ደሃ ነው፣ ምን ሊከፍለን? ማንን ነው የምንጠይቀው?

ባለንብረቱን። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የሚለው የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ፣ የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። እናንተ የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅባችሁ ማለት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከጅቡቲ መስመር ኮምቦልቻ የሚገባው ከባድ መኪናም፣ አይሱዙውም፣ የሰፈሩ ባጃጅም ሕጉ አንድ ነው። ተሳፋሪ ከነበራችሁ ጉዳዩ የማጓጓዝ ውልንም ይነካል፣ ትኬታችሁን አትጣሉ፣ ትኬት ከሌለ ረዳቱንና አብረዋችሁ የተሳፈሩትን ያዙ።

የወንጀሉ ክስ ሌላ ነው፣ እሱን የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ነው። እዛው የወንጀል ችሎት ላይ ክሱ መሰማት ሲጀምር ካሳ እንዲወሰንላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ነው። ሹፌሩ ነፃ ከወጣስ ለሚለው፣ ነፃ መውጣቱ የፍትሐ ብሔር ዳኛውን አያስረውም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 አለ፣ ስለዚህ «በቃ ተለቀቀ» ብላችሁ ፋይሉን አትዝጉ።

ሰርድ ፓርቲ (የሦስተኛ ወገን መድን) ካለው እሱ ሁሉንም ይሸፍን የለ?

አይሸፍንም፣ ጣሪያ አለው። አዋጅ 799 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ጣሪያው 40,000 ብር ነበር፣ የወቅቱን መጠን መድን ድርጅቱ ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ጉዳታችሁ ከጣሪያው ካለፈ ቀሪውን ከባለንብረቱ ነው የምትጠይቁት። እኛን ያስተናገደን መድን ድርጅት «ይሄን ወስዳችሁ ጉዳዩ አለቀ ብላችሁ ፈርሙ» ነበር ያለን፣ እናቴ ልትፈርም እስክሪብቶ አንስታ ነበር፣ ጎረቤታችን የሆነ ልጅ ነው ወረቀቱን አንብቦ ያስቆማት። የምትፈርሙት ወረቀት ላይ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነገር ካለ ቆም በሉ፣ ለሚያነብላችሁ ሰው አሳዩ።

መኪናው ገጭቶ አምልጧል፣ ወይም መድን የለውም፣ ቀረብን ማለት ነው?

አልቀረባችሁም። ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፣ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው የሚያስተዳድረው። ግን አደጋው መድረሱ በፖሊስ መመዝገብ አለበት፣ ስለዚህ «ታርጋውን ስላላየን ምን ዋጋ አለው» ብላችሁ ሳታመለክቱ እንዳትቀሩ።

ሽማግሌ መጥቷል፣ ብር ይዘዋል፣ እንታረቅ?

መታረቅ ጥሩ ነው፣ ወሎ አባጋርን የመሰለ የዕርቅ ሥርዓት ያለው አገር ነው፣ ሽማግሌም ደጃችሁ ላይ ቆሞ አይመለስም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሽማግሌው የሚመጣው በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ ልጁ ገና ኮማ ላይ ወይም ገና ግራ እንደተጋባ፣ እናንተ ለመድኃኒት ብር የጨረሳችሁ ቀን። ያን ቀን ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙ ራሱ አያውቅም፣ ታዲያ እናንተ በምን አውቃችሁ ነው ዋጋ የምትቆርጡለት?

ደሙ ይብረድ፣ ቂሙ ይቅር፣ ይቅርታውን ተቀበሉ፣ ለሕክምና የሚሰጡትን ብርም ውሰዱ፣ ግን ወረቀቱ ላይ «ለሕክምና ወጪ የተሰጠ፣ ከካሳው የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ። «ካሳ ጨርሰን ተቀብለናል» ከተባለ ስምምነቱ እንደ ፍርድ የጸና ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይቆማል። ሽማግሌዎቹም ነገሩን በወግ ብታስረዷቸው ይገባቸዋል፣ እኛ ጋሽዬ የሚባሉትን የሰፈራችንን አባት «ልጁ ሥራ መያዝ አለመያዙ እስኪታወቅ ድረስ ጊዜ ይስጡን» ስንላቸው «ልክ ናችሁ» ብለው ተነስተው ነው የሄዱት።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ አደጋው የደረሰበት በሰርቪስ ሲሄድ ነው፣ ድርጅቱ አያገባኝም አለ

ያገባዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ነው የሚቆጠረው። የሕክምናውን ወጪ ድርጅቱ ይሸፍናል፣ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዛ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደሞዝ ወረቀቱን፣ ያን ቀን ሰርቪሱ ላይ የነበሩትን ስም ያዙ። ከሥራ የመልቀቂያ ደብዳቤ ፈርም ካሉት አይፈርም፣ የሚረሳ ሰው ስለሆነ አብራችሁት ሂዱ።

ጠበቃ የምንከፍለው የለንም

ሦስት በር አንኳኩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ክስ ከመጻፍ ጀምሮ ጠይቋቸው። ሁለተኛ የፍትሕ መምሪያው ጋ ሄዳችሁ አቅም እንደሌላችሁ አስረዱ። ሦስተኛው የዳኝነት ክፍያው ነው፣ የካሳው መጠን ትልቅ ሲሆን እሱም ትልቅ ይሆናል፣ መክፈል ካልቻላችሁ ፍርድ ቤቱን «በደሃ ደንብ ልክሰስ» ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 ነው፣ ቀበሌ የሚጽፈውን ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ከካሳው ላይ ፐርሰንት የሚወስድ ጠበቃ ከያዛችሁ ደግሞ ፐርሰንቱን በጽሑፍ አድርጉት።

እሱም ጥፋት ነበረበት፣ ሄልሜት አላደረገም / ጠጥቶ ነበር፣ መብት አለው?

ሊኖረው ይችላል። የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ይቀንሰዋል፣ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በሱ ጥፋት ብቻ የመጣ ከሆነ ግን ይቀርበታል። ሁለት መኪና ተጋጭቶ ከሆነ ሕጉ መነሻ ላይ ሁለቱም እኩል እንዳዋጡ ነው የሚወስደው፣ ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ። መዋሸት ግን አትሞክሩ፣ የሆስፒታሉ ቻርት ላይ መጠጣቱ ተጽፎ ይሆናል፣ አንዴ ከተያዛችሁ እውነቱንም አያምኗችሁም።

ካሳው ምን ምን ይይዛል? ለደረሰብን ሐዘንስ?

ለሐዘኑ ብዙ አትጠብቁ፣ ለሞራል ጉዳት ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116፣ ከ1952 ጀምሮ እንደዛው የተቀመጠ፣ ለአንድ እናት እንባ በጣም ያሳዝናል። ዋናው ገንዘብ ያለው ያወጣችሁት ወጪና የቀረው ገቢ ላይ ነው። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት፣ አዲስ አበባ ስትመላለሱ ያደራችሁበት፣ አስታማሚ የቆመበት ሥራ፣ ሁሉም ይቆጠር። የቀን ሠራተኛ ወይም ባለባጃጅ ከነበረና የደሞዝ ወረቀት ከሌለው የማኅበሩን ምስክር፣ የግብር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር አቅርቡ፣ መጠኑን በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ (በሚዛናዊ ግምት) የመወሰን ሥልጣን አለው፣ አንቀጽ 2102። ወደፊት መምጣቱ የተረጋገጠ ጉዳትም እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይጠየቃል፣ አንቀጽ 2092፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ካለ እሱም ይገባል።

ራሱን አያውቅም፣ መፈረም አይችልም፣ እንዴት ይከሳል? ውክልና ይሰጠን?

የማይረዳ ሰው ውክልና መስጠት አይችልም፣ ጣቱን ይዛችሁ አሻራ ብታስደርጉት ያ ወረቀት ኋላ ይፈርሳል፣ እናንተንም ያስጠይቃል። መንገዱ ፍርድ ቤት አመልክቶ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ በፍርድ መከልከሉ (ራሱን ማስተዳደር እንደማይችል) እንዲወሰንና አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾምለት ማድረግ ነው፣ ሚስትም ዘመድም ማመልከት ይችላል። ከባዱ መሀሉ ላይ ያለው ነው፣ ያወራል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ግን የፈረመውን በነጋታው አያስታውስም። እንዲህ ያለው ሰው የፈረመው ስምምነት ካለ ቶሎ ጠበቃ አሳዩ፣ በፈረመበት ሰሞን ሐኪሙ ስለ አእምሮው ሁኔታ የጻፈውን ፈልጋችሁ አውጡ፣ ያቺ ደብተርም እዚህ ጋ ትመጣለች። ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ በተጎጂው ስም ይቀመጥ፣ ወንድማማች በዚህ ሲጣላ አይቻለሁ።

ሐኪሙ «የጉዳት መጠኑን ለመወሰን ገና ነው» ይላል፣ ጠበቃው «ጊዜ እያለፈ ነው» ይላል፣ ማንን እንስማ?

ሁለቱንም። ሐኪሙ ልክ ነው፣ ሜዲካል ቦርድ (ጉዳቱን የሚመዝኑ ሐኪሞች ስብስብ) ቀርቦ ቋሚ የአካል ጉዳቱ በመቶኛ የሚወሰነው ሁኔታው ሲረጋ ነው፣ ቶሎ ብትቸኩሉ ወይ ያነሰ ይጻፍላችኋል ወይ ኋላ ይከራከሩበታል። ጠበቃውም ልክ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ከሆነ ያኛው ይያዛል፣ እናንተ ግን በረዥሙ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ስለዚህ ክሱን ከሁለት ዓመቱ በፊት አስገቡ፣ የቦርዱ ውሳኔ ካልደረሰ ክሱ ላይ ይሄንኑ ግለጹና ፍርድ ቤቱ ለሆስፒታሉ ትእዛዝ እንዲጽፍ ጠይቁ፣ ቦርዱ ሲጠራችሁም የሲቲ ፊልሙን፣ ቻርቱንና ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ፣ ተጎጂው ብቻውን ከገባ «ደህና ነኝ» ነው የሚላቸው። ሁለት ዓመቱ የሚቆጠረው ከሆስፒታል ከወጣበት ሳይሆን ከአደጋው ቀን ነው፣ ቀኑን ዛሬ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።